ቅጣቱን ከማክበዳችን በፊት በሁለት ደወሎች መካከል ያሉትን ደቂቃዎች እንይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ድብድብ፣ ስድብና ማስፈራራት በዝቷል የሚል ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ተከትሎት የሚመጣው አስተያየት አንድ ዓይነት ነው፤ ደንቡ ይጥበቅ፣ ቅጣቱ ይክበድ፣ አጥፊው ይባረር። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆናቸውን ልጆች የምናስተምርና የምናማክር ባለሙያዎች ነን። ቁጣው ይገባናል። ይሁን እንጂ ጉዳቱ የት እንደሚደርስ፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ በዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ መኖር የነበረበት አዋቂ ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ የሚጣል ቅጣት፣ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ነው። ጠባይም ቢሆን እንደ ሒሳብ ደረጃ በደረጃ ካልተማሩት የሚመጣ ነገር አይደለም። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ነገር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ሐሳቦች ላይ የቆመ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን መለየት ያስፈልጋል። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። የግቢውን ንድፍ በአንድ ገጽ ላይ መሣል፤ በሩን፣ ኮሪደሩን፣ ደረጃውን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ ሜዳውን፣ ከሕንፃው ጀርባ ያለውን ጥግ ሁሉ ማሳየት፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ቅጂ ማደል። ስም አይጻፍበትም፤ የክፍል ደረጃና ጾታ ብቻ ይበቃል። ተማሪው የሚፈራበትን ቦታ በቀይ ያከብበዋል፣ ከጎኑም መቼ እንደሚፈራ ይጽፋል፤ ጠዋት ከመግቢያ በፊት ነው፣ በእረፍት ነው ወይስ ከመውጫ ደወል በኋላ? 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ቀዩን ምልክት ሁሉ በክፍል ደረጃና በጾታ ለይቶ ወደ ትልቅ ንድፍ መገልበጥ ነው። መምህራን ተሰብስበው በራሳቸው የሚሥሉት ካርታ ከልጆቹ ካርታ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። መምህሩ የሚያውቀው ጠብ ፈንድቶ ያየበትን ቦታ ነው፤ ልጁ የሚያውቀው ግን በየቀኑ ዞሮ የሚሸሸውን ቦታ ነው። ካርታው ከተሠራ በኋላ በሚቀጥለው ሳምንት ቢያንስ አንድ ነገር፣ የተቃጠለ አምፖል መቀየርም ቢሆን፣ ተሠርቶ “እናንተ ባመለከታችሁት መሠረት ነው” ሊባሉ ይገባል። ጠይቀናቸው ዝም ካልን ዳግመኛ አይነግሩንም።

ቀይ የበዛበት ቦታ ተረኛ ይመደብለታል። “መምህራን በእረፍት ሰዓት ግቢውን ይቆጣጠራሉ” የሚል ማስታወቂያ ግን ምደባ አይባልም፤ ለሁሉም የተሰጠ ሥራ ባለቤት የለውም። እያንዳንዱ ቦታ በስም የሚጠራ ሰው፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ደቂቃ ሊኖረው ይገባል። አንድ ተረኛ የሚይዘው ስፋት ጥግ ሳይዞር ሙሉውን ሊያየው የሚችለውን ያህል ብቻ ነው፤ መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ኮሪደር ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሥራው ሦስት ነገር ነው፤ መንቀሳቀስ፣ በዓይን መቃኘት፣ ልጆቹን ማነጋገር። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በየቀኑ “እንዴት ዋልክ?” የሚለው መምህር ያለበት ልጅ አንድ ቀን ሲቸግረው የሚሄድበትን ሰው ያውቃል። ብልሽቱም የታወቀ ነው። ሁለት ተረኞች አንድ ቦታ ቆመው ያወራሉ፤ ዓይን ስልክ ላይ ይተከላል፤ ዙሩ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ይሆንና ልጆቹ ተረኛው ጀርባውን የሚሰጥበትን ደቂቃ በቃላቸው ይይዙታል። ከሁሉ የከፋው መዘግየት ነው። መምህሩ ደብተር ሰብስቦ፣ ጥያቄ መልሶ፣ ሰሌዳ አጥፍቶ እስኪወጣ አራት አምስት ደቂቃ ያልፋል፤ ልጆቹ ግን ደወሉ እንዳበቃ ደረጃው ላይ ናቸው። ስለዚህ ተረኛ መምህር ከእረፍቱ በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ ማስተማር የለበትም፤ ይህ ደግሞ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ሲወጣ ካልታሰበ በኋላ አይስተካከልም። ታናናሾቹን ሁለትና ሦስት ደቂቃ አስቀድሞ ማስወጣት፣ ደረጃው ሁለት ከሆነ አንዱን ለወጪ ሌላውን ለወራጅ መለየት፣ የቀሩት መምህራን በክፍል መቀያየሪያ ጊዜ በየበራቸው መቆም፤ እነዚህ ሦስቱ ተደምረው የኮሪደሩን ግፊያ በግልጽ ይቀንሱታል።

መጸዳጃ ቤት ለብቻው መነሳት አለበት። ልጆች እየተጠቀሙ አዋቂ ገብቶ መቆም አይችልም፣ አይገባምም። የሚቻለው መግቢያው በሚታይበት ቦታ መቆም፣ ከውስጥ የሚሰማውን ድምፅ ማዳመጥ፣ የውጭው በር ከውስጥ እንዳይቆለፍ ማድረግ ነው። በአንጻሩ የእያንዳንዱ መጸዳጃ ክፍል መዝጊያ በደንብ መቆለፍ አለበት፤ መቀርቀሪያው የተሰበረ በር ለማዋረድ የተመቸ ቦታ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ችግር ሲበዛባቸው መጸዳጃ ቤቱን ከእረፍት ውጪ ይቆልፉታል። ይህ መፍትሔ ይመስላል እንጂ አይደለም። ሁሉም በአንድ ሰዓት ስለሚመጣ ግፊያው ይብሳል፤ ልጆች ሽንታቸውን ላለመያዝ ውኃ መጠጣት ያቆማሉ፤ የወር አበባ ላይ ያለች ተማሪ ደግሞ ቤቷ መቅረትን ትመርጣለች። የሚሻለው በትምህርት ሰዓት ከአንድ ክፍል አንድ ልጅ ብቻ እንዲወጣ ማድረግና የወጣበትንና የተመለሰበትን ሰዓት በሩ አጠገብ ባለ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ያ ወረቀት በሳምንቱ መጨረሻ ሲታይ ማን ከማን ጋር በአንድ ደቂቃ እንደሚወጣ ይናገራል።

ወደ ጠባይ እንምጣ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ 25 አንቀጽ ያለው ደንብ ማንም በቃሉ አይዘውም፤ አብዛኛውም “አይቻልም” በሚል ቃል የሚያልቅ ነው። ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ፣ መደረግ ያለበትን የሚናገሩ ደንቦች ይበቃሉ። “ሰው አክብር” የሚለው ብቻውን ግን አየር ነው። ደረጃው ላይ ማክበር ምንድን ነው? በቀኝ መሄድ፣ እጅን ለራስ መያዝ፣ የወደቀበትን ሰው ዕቃ ሳይረግጡ ማለፍ። ሜዳ ላይስ? ኳስ ለጠየቀ ተራ መስጠት፣ ዳኛ የሌለበትን ክርክር ኳሱን ድጋሚ በመምታት መጨረስ። እንዲህ በየቦታው ተተርጉሞ ከተጻፈ በኋላ በየቦታው ይሠለጥናል፤ መምህሩ ተማሪዎቹን ደረጃው ድረስ ወስዶ ራሱ ሠርቶ ያሳያል፣ ስሕተቱንም ያሳያል፣ ከዚያ እነሱ ይለማመዳሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ይህ ይሠራል፤ ከእያንዳንዱ ረዥም ዕረፍት በኋላ ደግሞ ይደገማል፤ ከእረፍት የተመለሰ ልጅ ስለሚረሳ ነው። ትምህርት ቤቱ አመፀ ተብሎ የሚታዘንባቸው ሳምንታት ብዙዎቹ ማንም ያልደገመላቸው ሳምንታት ናቸው።

በዚህ ዕድሜ ላይ ያለን ልጅ ማረም የራሱ ሙያ አለው። ከ11 እስከ 14 ባለው ጊዜ ሰውነት ይለወጣል፣ የእንቅልፍ ሰዓት ወደ ኋላ ይገፋል፣ የእኩያ ዓይን ከወላጅ ዓይን ይበልጥ ይከብዳል። ስሜትን የሚገታውና መዘዝን አስቀድሞ የሚያሰላው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ እድገቱን የሚጨርሰው በሃያዎቹ አጋማሽ ነው። ስለዚህ የ13 ዓመት ልጅ በ40 እኩዮቹ ፊት “አንተ ባለጌ፣ ተነስ!” ሲባል ማፈግፈጊያ አይተውለትም፤ ቢያቀረቅር በጓደኞቹ ዘንድ ያልቅለታል፣ ቢመልስ ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል። የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው፤ ቀርቦ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ ስሙን ጠርቶ፣ የሚፈለገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ዞር ማለት። ዞር ማለቱ ወሳኝ ነው። ፊቱ ላይ ተደቅኖ መጠበቅ ግብግብ ይጋብዛል፤ ዞር ካሉለት ግን አብዛኛው ልጅ ትንሽ አመንትቶ ይታዘዛል። ለአንድ ተግሣጽ አራት ያህል የምስጋና ቃል በሙያው የተለመደ ምክር ነው፤ ምስጋናውም “ጎበዝ” ብቻ ሳይሆን “መስመሩን ሳትገፋ ጠበቅክ” የሚል፣ የተሠራውን በስሙ የሚጠራ ይሁን።

አሁን በጣም የሚያሳስበን ነገር ላይ ደርሰናል። ሁለት ተማሪዎች ሲጣሉ አዋቂው በልማድ የሚያደርገው ሁለቱንም ቢሮ ጠርቶ፣ ጎን ለጎን አቁሞ፣ “በሉ ታረቁ፣ ተጨባበጡ” ማለት ነው። ለጠብ ይህ ሊሠራ ይችላል። ለጉልበተኝነት፣ ወጣቶቹ ራሳቸው “ቡሊ” ለሚሉት፣ ግን መርዝ ነው። በኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ዳን ኦልዌየስ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባካሄዱት ጥናት ሁለቱን የለዩበት መስፈርት እስካሁን ይሠራል፤ ጉልበተኝነት ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ በሁለቱ መካከልም የኃይል ልዩነት አለ። የኃይል ልዩነት የግድ ጡንቻ ማለት አይደለም፤ የጓደኛ ብዛት፣ ታዋቂነት፣ አንደበት፣ የሌላውን ምስጢር መያዝም ኃይል ነው። እኩል ያልሆኑ ልጆችን እኩል አቁሞ ማስታረቅ ተጎጂውን ባጠቃው ልጅ ፊት ዳግም ማስጨነቅ ነው። ተጎጂው እጁን ይዘረጋል፤ ሌላ ምን ያድርግ? አጥቂው ፈገግ ብሎ ይጨብጣል፤ ከበሩ ሲወጡ “ነገርክ አይደል?” ይለዋል። መዝገቡ ላይ ግን “ጉዳዩ በዕርቅ ተፈቷል” ተብሎ ይጻፋል።

አካሄዱ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን። አቤቱታው በደረሰበት ቀን በቅድሚያ የሚጠራው የተጎዳው ልጅ ነው፤ ብቻውንም ያነጋግሩታል። ንግግሩ ሳይቋረጥ ይሰማል፤ “አንተስ ምን አድርገህ ነው?” የሚል ጥያቄ አይቀርብለትም። ምን፣ የት፣ መቼ፣ ማን፣ ማን አየ፣ ስንተኛ ጊዜ ነው የሚሉት በራሱ ቃል ይጻፋሉ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላና በማግሥቱ ጠዋት ደኅንነቱ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ማን እንደሚከታተለው፣ በየት በኩል እንደሚወጣ አብሮ ይወሰናል። ቀጥሎ ያዩ ልጆች አንድ በአንድ፣ ከዚያ አድርገዋል የተባሉት ይጠየቃሉ። ቡድን ከሆኑ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ተከታትለው ይጠሩ፤ በእረፍት ከተገናኙ አንድ ታሪክ ይዘው ይመጣሉና። “እገሌ ነገረን” አይባልም፤ “ኮሪደሩ ላይ የሆነውን ነገር ብዙ ሰው አይቶታል” ማለት ይበቃል። የሁለቱም ወገን ወላጆች በተለያየ ሰዓት ይጠራሉ። ከዚያ በኋላ የሚዘለለው ደረጃ ይመጣል፤ ተጎጂውን ከሁለት ቀን፣ ከአንድ ሳምንት፣ ከአንድ ወር በኋላ መልሶ መጠየቅ። እነዚህ ሦስት ቀኖች ጉዳዩ በተከፈተበት ዕለት ካላንደር ላይ ካልተጻፉ አይታወሱም።

ልጆች ለምን አይናገሩም? “አሳባቂ” መባልን ስለሚፈሩ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በቃል ሊሰጣቸው ይገባል፤ ማሳበቅ ሰውን ችግር ውስጥ ለመክተት ነው፣ መናገር ሰውን ከችግር ለማውጣት ነው። የጥቆማ ሣጥን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ የተሰቀለ ሣጥን ውስጥ ማንም አይከትም። ሁሉም በሚያልፍበትና ማንም ቆሞ በማያይበት ቦታ ይሁን፤ ማን እንደሚከፍተው ይታወቅ፤ በየቀኑ ይከፈት። በሳምንት አንዴ የሚከፈት ሣጥን ውስጥ “ዛሬ ከትምህርት በኋላ ሊደበድቡኝ ነው” የሚል ወረቀት አምስት ቀን ሊተኛ ይችላል።

ቆመው የሚያዩት ልጆች ጉዳይ ደግሞ ከምናስበው በላይ ትልቅ ነው። በካናዳ የትምህርት ቤት መጫወቻ ሜዳዎችን በካሜራ የቀረጹ ተመራማሪዎች በ2001 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት እኩዮች ጣልቃ በገቡባቸው አጋጣሚዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት፣ በ57 በመቶው፣ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። በፊንላንድ የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ጉልበተኝነትን ለመከላከል ያዘጋጀው ኪቫ የተባለው ፕሮግራምም ዋና ትኩረቱ በተመልካቾቹ ላይ ነው፤ ሳቁና ጭብጨባው ሲቀር ጉልበተኛው የሚፈልገው መድረክ ይፈርስበታል። ይሁን እንጂ ልጆችን “ግቡና ገላግሉ” ብሎ መላክ ኃላፊነት የጎደለው ነገር ነው። ሊሠለጥኑባቸው የሚገቡት ነገሮች ሌላ ናቸው፤ አለመሳቅና አለመቅረጽ፣ ተጎጂውን “ና፣ መምህር ይፈልጉሃል” ብሎ ይዞት መሄድ፣ ሮጦ አዋቂ መጥራት፣ በኋላ አጠገቡ ሄዶ መቀመጥ። የመጨረሻው ድፍረት የማይጠይቅ ስለሆነ ዓይን አፋሩ ልጅም ይችለዋል።

ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት የሚባለው እዚህ ጋ ይገባል። ስያሜው ከባድ ይመስላል እንጂ አምስት ችሎታዎችን ማስተማር ነው፤ ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ አስቦ መወሰን። አንዱን ክፍለ ጊዜ ቀርበን እንየው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ምን ሆንክ ሲባል የሚመልሰው አንድ ቃል ነው፤ “ደበረኝ።” መምህሩ ይህን ቃል ሰሌዳው መሐል ይጽፈውና በሥሩ ያለውን ከተማሪዎቹ ጋር ይፈለቅቃል። ሰለቸኝ ማለት ነው? ከፋኝ ነው? አፈርኩ ነው? ቀናሁ ነው? ከጨዋታ አስወጡኝ ነው? ናቁኝ ነው? ፈራሁ ነው? እያንዳንዱ የተለየ ነገር ይጠይቃል። የሰለቸው ሥራ ይፈልጋል፣ የተገለለው ሰው ይፈልጋል፣ የፈራው ጥበቃ ይፈልጋል፤ ሁሉም “ደበረኝ” ካሉ ግን ማንም የሚፈልገውን አያገኝም። ቀጥሎ ንዴት ከመፈንዳቱ በፊት በሰውነት ላይ የሚያሳየውን ምልክት ይለያሉ፤ ጆሮ ይግላል፣ መንጋጋ ይገጥማል፣ ጡጫ ይጨበጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ከዚያ ልምምድ ነው፤ እስከ አራት እየቆጠሩ አየር ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት፣ ይህን አምስት ጊዜ መድገም። ረዘም ያለው ማስወጣት የልብ ምትን ቀዝቀዝ ያደርጋል። ልምምዱ የሚሠራው ልጁ ሳይናደድ ደጋግሞ ከሠራው ነው፤ በጠብ መሐል “ተንፍስ” ቢሉት አይሰማም።

ይህ ትምህርት የሚበላሽበት መንገድም አለ። ምክር ሲሆን ይበላሻል፤ መምህሩ 30 ደቂቃ ስለ መከባበር ከተናገረ ተማሪዎቹ የተማሩት ዝም ብሎ መቀመጥን ነው። በዓመት አንዴ በአዳራሽ ሲሰጥም ውጤት የለውም። ፈተና ሲደርስ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ልጆቹ ይበልጥ የሚጨነቁት ግን ያኔ ነው። ደግሞም ልጆች በክፍል ፊት የቤታቸውን ገመና እንዲናገሩ መገፋት የለባቸውም፤ ምሳሌው ሁልጊዜ “አንድ ልጅ” በሚል ይቅረብ። ጊዜ ማባከን ነው ለሚሉ፣ ተመራማሪው ደርላክና ባልደረቦቻቸው በ2011 (እ.ኤ.አ.) 213 ፕሮግራሞችንና ከ270,000 በላይ ተማሪዎችን አጠቃለው ባዩበት ጥናት የተማሩት ልጆች የትምህርት ውጤት ካልተማሩት በአማካይ በ11 ፐርሰንታይል (ከመቶ ተማሪ መካከል በሚያዝ ደረጃ ሲለካ) በልጦ ተገኝቷል። ውጤቱ የታየው ግን ትምህርቱ በቅደም ተከተል፣ በተግባር ልምምድ፣ በተመደበ ጊዜና ግልጽ በሆነ ዓላማ ሲሰጥ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚረብሹ ጥቂት ልጆች ይቀራሉ። ለእነሱ የዕለት ካርድ መያዝ በብዙ ቦታ የተፈተነ ዘዴ ነው። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ አለ እንበል፤ በእያንዳንዱ ሦስት የሚጠበቁ ነገሮች፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ። ጠቅላላው 36 ይሆናል፤ ግቡ 80 በመቶ ከሆነ 29 ነጥብ ማምጣት ነው። ጠዋት ልጁ አንድ የሚወደውን አዋቂ ያገኛል፣ ሁለት ደቂቃ ያወራሉ፣ ካርዱን ይወስዳል፤ ከሰዓት በኋላ ያው ሰው ይደምርለታል፣ ቤት ወስዶ ያስፈርማል። ካርዱ የሚከሽፈው የክስ መዝገብ ሲሆን ነው። መምህራን ነጥብ በመስጠት ፋንታ ወቀሳ ይጽፉበታል፣ ወይም ልጁ አንዴ ያገኘውን ነጥብ በኋላ ባጠፋው ይነጥቁታል፣ ወይም ቤት ሲደርስ ያስገርፈዋል። 29 ለመጀመሪያው ሳምንት የሚከብደው ልጅ ካለ ግቡን 22 አድርጎ መጀመር ነውር የለውም። የአዋቂን ትኩረት የሚሸሽ ልጅ ደግሞ ይህ ዘዴ አይስማማውም፤ ለእሱ ሌላ ይፈለግለት።

ስለ ቅጣት እንግዲህ ይህን እንላለን። መዘዝ የሌለው ጥፋት መኖር የለበትም። ነገር ግን የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የሰየመው ግብረ ኃይል በ2008 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ሪፖርት፣ ጥፋቱን ሳይመዝኑ ሁሉንም በአንድ ዱላ የሚመታው “ምንም ዓይነት ትዕግሥት የለም” የሚለው አካሄድ ትምህርት ቤቶችን ይበልጥ ደኅና እንዳላደረጋቸው ገልጿል። አምስት ቀን የታገደ ልጅ ከትምህርቱ ይቀራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተቆጣጣሪ ይውላል፣ ሲመለስ የማይገባው ትምህርት ይጠብቀዋል፤ ያልገባው ልጅ ደግሞ ይረብሻል። እገዳ የሌላውን ልጅ ደኅንነት ለመጠበቅ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያኔም የቤት ሥራው ተዘጋጅቶ ይሰጠው፤ በተመለሰበት ጠዋት ክፍል ሳይገባ ከወላጁና ከአንድ መምህር ጋር 20 ደቂቃ ተቀምጦ ምን ሆነ፣ ማን ተጎዳ፣ እንዴት ይጠገናል፣ ዛሬ ያው ነገር ቢገጥመኝ ምን አደርጋለሁ የሚሉትን ይመልስ። መማታትን በተመለከተ ምንም ማቅማማት አያስፈልግም። በ1989 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብዓዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዛል። ከዚህም በላይ፣ በዱላ የሚቀጣ መምህር ጠንካራው ደካማውን መምታት እንደሚችል በተግባር እያስተማረ ነው፤ ጉልበተኛው የሚለውም ይህንኑ ነው።

በስልክ የሚደርሰው ጥቃት ግቢውን ተሻግሮ ልጁን አልጋው ድረስ ይከተለዋል። መልእክቱ ከመጥፋቱ በፊት ስክሪንሹት ይነሳ፣ ቀንና ሰዓቱ ይታይበት፣ መልስ አይጻፍለት፣ ላኪው ስልኩ ላይ ይታገድ። አንድ ነገር ግን በጥብቅ ይለይ፤ የልጅ እርቃን ምስል ከሆነ ለማስረጃም ቢሆን አይቀዳም፣ አይላክም፣ መምህርም በስልኩ አይቀበለውም፤ መሣሪያው እንዳለ ተይዞ ሕግ ለሚመለከተው አካል ይነገራል። ለመርዳት ብሎ ምስሉን ለሦስት ባልደረቦቹ የላከ አዋቂ ጉዳቱን አብዝቶታል።

አማካሪ ምስጢር ይጠብቃል፤ ሦስት ነገሮች ግን ምስጢር ሆነው እንደማይቀሩ ለልጁ ገና ሲጀመር ሊነገረው ይገባል፤ ራሱን ሊጎዳ ካሰበ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ ካሰበ፣ ወይም ሰው እየጎዳው ከሆነ። ልጁ “መኖር ሰልችቶኛል” ካለ በቀጥታ “ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?” ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ብዙ አዋቂ ግን ይህን ስለሚፈራ ሳይጠይቅ ያልፋል። መልሱ አዎ ከሆነ ለደቂቃም ብቻውን አይተውም፤ በዚያው ሰዓት አማካሪውና ቤተሰቡ ይጠራሉ፣ ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትና ስለታም ነገር ይቆለፋል፣ ወደ ሕክምና ይወሰዳል። “ነገ እናወራለን” አይባልም።

በመጨረሻ ለወላጆች የምንለው አለ። ልጅዎ ጠዋት ጠዋት ሆዱን የሚያመው ከሆነ፣ የደብተሩ ልባስ የተቀደደ ከሆነ፣ ከትምህርት ቤት እንደገባ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሮጥ ከሆነ ጠይቁት፤ “ማን ነካህ?” ብላችሁ ሳይሆን “በእረፍት ሰዓት የት ትውላለህ? ከማን ጋር?” ብላችሁ። የነገራችሁን በቃሉ ጻፉት፣ ቀኑን አስገቡ። የሌላውን ልጅ ወላጅ በር ላይ ጠብቃችሁ አትጋጠሙ፤ “አንተም ምታው” ብላችሁም አትላኩት። ትምህርት ቤቱ ስትሄዱ “ምን ቅጣት ሰጣችሁት?” ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፤ ነገ በእረፍት ሰዓት እዚያ ቦታ ላይ የሚቆመው ተረኛ ስሙ ማን ነው? ልጄ ሲቸግረው የሚሄደው ወደ ማን ነው? ልጄን መልሳችሁ የምትጠይቁት በየትኛው ቀን ነው? መልሱን እዚያው ጽፋችሁ ተቀበሉ፤ በተባለው ቀን ማንም ካልደወለላችሁ ራሳችሁ ደውሉ።

ከአክብሮት ጋር፤
በመካከለኛ ደረጃ የምናስተምር መምህራንና የተማሪ አማካሪዎች